የአዋሽ ጣቢያ ዝምታ

ባቡሩ የአዋሽን ድልድይ ሊረግጥ ሲል ፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ይል ነበር። ከድሬዳዋ ጀምሮ ስለ ጨርቅ ዋጋ ሲከራከሩ የመጡት ነጋዴ ሴቶች፣ ጫታቸውን ታቅፈው ሲያንጎራጉሩ የነበሩት ሽማግሌዎች፣ መቀመጫ አጥቶ ጆንያ ላይ የተቀመጠው ወታደር፣ ሁሉም የተማከሩ ይመስል በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። እናቴ አማተበች። ከፊት ለፊታችን የነበሩት አዛውንት መዳፋቸውን ዘርግተው ፋቲሓ ቀሩ። ዘመኑ የ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ እኔም ገና ትንሽ ልጅ ነበርሁ። በመስኮት አንገቴን አስግጌ ቁልቁል ባይ ከገደሉ ሥር አዋሽ ደፍርሶ ይወርዳል። «እማዬ፣ ለምንድን ነው ሰው ሁሉ ዝም ያለው?» ብዬ ጠየቅሁ። እናቴ አፌን በእጇ ሸፈነችና «ከተሻገርን በኋላ» አለችኝ።

ተሻገርን። ባቡሩ እየተንፏቀቀ አዋሽ ጣቢያ ገብቶ ሲቆም ሰው ሁሉ በረጅሙ ተነፈሰ። ወዲያው ጫጫታው ተመለሰ። ሻይ የሚያዞሩ ልጆች፣ ወተት በቅል የያዙ የአፋር ሴቶች፣ ውኃ የሚቀዳው፣ እግሩን የሚያፍታታው፣ የጠፋ ልጅ የሚጣራው ሁሉ መድረኩን ሞላው። እኔም ብስኩት ተገዛልኝና ጥያቄዬን ረሳሁት። እናቴም መልሱን ሳትነግረኝ ቀረች።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በመኪና ወደ ድሬዳዋ ስጓዝ አዋሽ ላይ ወረድሁና ጣቢያውን ፈለግሁ። አንድ ባለባጃጅ ወጣት አስቁሜ «የባቡር ጣቢያው በየት በኩል ነው?» አልሁት። «ጋሼ፣ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ይላል፤ ላድርስዎት» አለኝ። አዲሱን ማለቱ እንደሆነ ገባኝና «የለም፣ አሮጌውን ነው የምፈልገው» አልሁት። ትንሽ አሰበና «እሱማ የለም» አለ። ይህን ሲል ከቆምንበት ቦታ እስከ አሮጌው ጣቢያ ድረስ በእግር ቢሄዱት ጥቂት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም ነበር። ሄጄ አየሁት። ግንቡ ቆሟል፤ ሐዲዱ በሣር መካከል ዝጎ ተጋድሟል፤ የጣሪያው ጥላ ካረፈበት ቦታ ፍየሎች ተኝተዋል። ጣቢያው አለ። የከተማው ልጅ ግን «የለም» ብሎኛል።

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያ ወጣት የተናገረው አንድ ቃል ነው። ወጣቱን አልወቅሰውም። ሳይዋሽ እውነቱን ነግሮኛል። ቅርስ የሚጠፋው ቡልዶዘር ሲመጣበት ብቻ አይደለም። ቆሞ ሳለ ሥራ ሲፈታ፣ ስሙን የሚጠራውና በበሩ የሚገባ ሰው ሲያጣ፣ ያን ጊዜ ጠፍቷል፤ ቡልዶዘሩም ከመጣ የሚመጣው ለቀብሩ ነው። ስለዚህ «የአዋሽ ጣቢያ እንዳይፈርስ» ብቻ ብሎ መጮኽ በቂ አይመስለኝም። ጣቢያው ሥራ ያግኝ፣ አንደበትም ያግኝ ባይ ነኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ባቡር ቅርስ ሲነሣ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጠራው የአዲስ አበባው ለገሃር ነው። ይገባዋልም። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ያ ሕንጻ ለሰፈሩ ስም ሰጥቷል። የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» በአፋችን ተሟሽቶ «ለገሃር» ሆኖ ቀርቷል። በ2011 ዓ.ም. በዙሪያው ትልቅ የግንባታ ዕቅድ ይፋ ሲሆን ስለ ሕንጻው ዕጣ ብዙ ሰው ተጨንቋል፣ ተከራክሯል። ድሬዳዋም ተከራካሪ አታጣም፤ ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናትና። ነገር ግን መሥመር ማለት ጫፍና ጫፍ ብቻ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎች፣ እነ ኤረር፣ እነ ሚኤሶ፣ እነ አዋሽ፣ እነ መተሐራ፣ እነ ሞጆ ባይኖሩ ኖሮ ባቡሩ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ሊደርስ አይችልም ነበር። ጠበቃ የሌላቸው ደግሞ እነርሱ ናቸው።

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረና 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምንላት ቦታ ደረሰ። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከሥሩ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተባለች። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ከሰረ። መንግሥታትም ተፎካከሩበት፤ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። በሌላ ኩባንያ እንደገና ተጀምሮ በረሓውን አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ሰዉ አንዳንዴ «ምድር ባቡር»፣ አንዳንዴም «ሸማንደፈር» ይለው ነበር።

አዋሽ ለምን ጣቢያ ሆነች? መልሱ የሚገኘው በውኃና በሌሊት ነው። የእንፋሎት ባቡር እንደ ግመል አይደለም፤ በረሓ ለበረሓ ሲሄድ ቶሎ ቶሎ ውኃ ይጠማዋል። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ አሠርት ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበርና መንገደኛው የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን ደግሞ አዋሽ ያድራል። ከጣቢያው አጠገብ የቆመው የታወቀው የ«ቡፌ» ሆቴልም የዚያ ማደሪያ ውጤት ነው። የግሪክ ተወላጅ የሆኑ እመቤት ለረጅም ዘመን እንዳስተዳደሩት ይነገራል። መኳንንቱና አምባሳደሩ፣ ነጋዴውና ስደተኛው፣ ሙሽራውና አስከሬን ይዞ የሚጓዘው ሁሉ በዚያ መድረክ ላይ ረግጠው አልፈዋል።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚደንቀኝን አንድ ነገር ልጨምር። የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ገብቶ በዚያው ይቀራል። ባሕር ለመድረስ ጥቂት ቀርቶት በረሓ የሚጠጣው ወንዝ ነው። ሐዲዱ ግን ወንዙን ተሻግሮ ባሕር ደረሰ። ወንዙ ያልቻለውን የሰው ክንድ የቻለበት ቦታ ቢኖር ያ የአዋሽ ድልድይ ነው። ጣቢያውም የዚህ ምስክር ነው።

ምስክርነቱ የደስታ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ የተጓዙት በዚህ መሥመር ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲሸሽ ከኋላው የሚከተለውን ጦር ለማዘግየት የአዋሽን ድልድዮች አፈረሰ፤ ጦሩ ግን ወንዙን ተሻግሮ ከጥቂት ቀናት በኋላ አዲስ አበባ ገባ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ መሥመሩ በምሥራቅ በኩል ተቆርጦ ነበር። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ደግሞ፣ አገሪቱ በረሓብ በምትረግፍበት በዚያው ዓመት፣ አንድ ሺህ ያህል መንገደኞችን የጫነ ባቡር በአዋሽ አጠገብ ባለ ጠምዛዛ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጣ። አራት ፉርጎዎች ገደል ገቡ። በወቅቱ እንደተነገረው ባቡሩ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። የሞቱት 428 ሰዎች ናቸው፤ የቆሰሉትም በመቶዎች ይቆጠራሉ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ከከፉት አንዱ ነው።

በልጅነቴ የጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር። መንገደኛው ድልድዩ ላይ ዝም የሚለው ለእነዚያ 428 ነፍሳት ነበር። ይህን ያዘዘ ሕግም ሆነ ማስታወቂያ አልነበረም። ኦርቶዶክሱም እስላሙም፣ ነጋዴዋም ወታደሩም ያለ አዛዥ ያደርጉት የነበረ የጋራ ጸሎት ነው። ባቡሩ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በዚህ በኩል መሄዱን ሲያቆም ያ ጸሎትም አብሮ ቆመ። ዛሬ በመኪና አዋሽን የሚሻገር ሰው ለምን ዝም ይላል? ማንስ ይነግረዋል? ግንብ ቢሰነጠቅ በሲሚንቶ ይጠገናል። እንዲህ ያለው ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተረሳ በምንም አይጠገንም።

በዚህ ጉዳይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አልሸሻቸውም።

አንደኛው «ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው፤ ምን አገባን?» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ገንዘቡም ዕቅዱም በአመዛኙ የውጭ ነበር። ዳሩ ግን ድንጋዩን የፈለጠው፣ በበረሓው ፀሐይ ሐዲድ የተሸከመው፣ በኋላም ፍሬን የያዘው፣ ትኬት የቆረጠውና በሌሊት ፋኖስ ይዞ ሐዲድ የፈተሸው የዚህ ምድር ሰው ነው። ከዚህም ሌላ መሥመሩ ያለፈው ባዶ መሬት ላይ አልነበረም። የአፋርና የኢሳ አርብቶ አደሮች ከብት የሚያሰማሩበትን ሜዳ ሰንጥቆ ነው ያለፈው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግጭቶችም ነበሩ። የጣቢያው ታሪክ በትክክል ይነገር ከተባለ የእነዚህ ወገኖች ትዝታም አብሮ መነገር አለበት። የእነርሱ ድምፅ የሌለበት የአዋሽ ታሪክ ግማሹ የተቀደደ መጽሐፍ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «አዲስ ባቡር አለን፤ አሮጌውን ምን ያደርግልናል?» ይላል። አዲሱ ባቡር ያኮራል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ሐዲዱም ሰፊ ነው፤ 1.435 ሜትር። አዋሽም በአዲሱ ዘመን አልተረሳችም፤ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚወስደው ሌላ መሥመር መነሻ እንድትሆን ታቅዶ ተሠርቶባታል። ነገር ግን አዲሶቹ ጣቢያዎች በየከተማው ጠርዝ፣ ከሰው ራቅ ብለው የቆሙ ናቸው። አሮጌው ጣቢያ ከተማ ወልዶ ነበር፤ ገበያው፣ ሻይ ቤቱ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በዙሪያው ነው የበቀሉት። አንድ ጣቢያ እንዴት ከተማ እንደሚወልድ መማር የፈለገ መሐንዲስ የሚማርበት መጽሐፍ አዋሽ ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። አሮጌውን መጠበቅ አዲሱን መጥላት አይደለም።

ሦስተኛውና ከባዱ «ገንዘብ የለንም» የሚለው ነው። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በሚያስፈልገው ከተማ ስለ አሮጌ ግንብ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ሙግቱን አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ ጎረቤቶቻችንን እንይ። በኤርትራ ከምፅዋ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር መሥመር በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ እየተነቀለ ለምሽግ ውሎ ነበር። ከነጻነት በኋላ ሥራው በአመዛኙ በራስ አቅም ተጀመረ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ከየቤታቸው ተጠሩ። ሐዲዱ ከየምሽጉ ተለቀመ፤ የ1930ዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች ታደሱ። እ.ኤ.አ. በ2003 መሥመሩ እንደገና አስመራ ደረሰ። በዚያ ሥራ ከብረቱ ይልቅ ውድ የነበረው በሽማግሌዎቹ እጅ ያለው ዕውቀት ነበር። በናይሮቢም ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባቡር ሙዚየም አለ፤ ኬንያውያን አዲሱን ሰፊ ሐዲድ ሲዘረጉ አሮጌውን ታሪክ የሚያዩበት ቤት ነበራቸው። ሁለቱም አገሮች ከእኛ የተለየ ባለጠጋ አልነበሩም።

ሕግም አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከወጣ ሩብ ምዕት ዓመት አልፎታል። ሕግ ግን ጣሪያ አይጠግንም፤ ሣር አያጭድም። «ይህ ቅርስ ነው» የሚል ሰሌዳ ለጥፎ በሩን መቆለፍም መፍትሔ አይደለም። ቁልፍ ያለበት ቅርስ ሞቱ የተላለፈ ሕመምተኛ ማለት ነው። ዝናቡ ይገባል፣ ምስጡ ይበላል፣ አንድ ቀን «አደገኛ ሆኗል» ይባልና ይፈርሳል። በመሥመሩ ላይ አንዳንድ ቦታ ሐዲዱ ተነቅሏል፤ አንዳንድ ቦታም መንገድና ቤት ተሠርቶበታል። ምድሩ ራሱ እንኳ አይጠብቀንም። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ለወራት የዘለቀው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አስነሥቷል። ያ ሁሉ የሆነው ከአዋሽ ብዙም ሳይርቅ ነው። የድሮ ድንጋይ ግንብ እንዲህ ባለ ምድር ላይ ቀጠሮ አይሰጥም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምለው ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም።

በመጀመሪያ ድምፁና ወረቀቱ ይሰብሰብ። የ1960ዎቹን ባቡር ያሽከረከሩት፣ ሐዲድ የጠገኑት፣ ትኬት የቆረጡት ሰዎች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። በየዓመቱ ቁጥራቸው ይቀንሳል። አንድ መምህርና ጥቂት ተማሪዎች የድምፅ መቅጃ ባለው የእጅ ስልክ ቢሄዱባቸው በአንድ ክረምት ስንት ታሪክ ይተርፋል! የፉጨቱን ምልክት፣ የፋኖሱን ቀለም፣ ከፈረንሳይኛ የተወረሰውን የሥራ ቃል፣ የበረሓውን ጎርፍ አስቀድሞ የማወቅ ጥበብን የጻፈ መጽሐፍ የለንም ማለት ይቻላል፤ ሰዎቹ ግን እስካሁን አሉ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ የሥራ መታወቂያና የደመወዝ ወረቀት ቢያንስ ቅጂው ይቀመጥ። ግንቡም ይለካ፣ ፎቶ ይነሣ፤ ነገ ቢወድቅ እንኳ ምን እንደነበረ ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ የ1977ቱ ሟቾች ስም በጣቢያው ግድግዳ ላይ ይጻፍ። የሁሉም ስም ባይገኝ የተገኘው ይጻፍ፤ ላልተገኘው ቦታ ይተውለት። ዘመድ መጥቶ የሚጨምርበት ባዶ ስፍራ ያለው ሐውልት ከተዘጋ ሐውልት ይሻላል። ውበቱን ብቻ መርጠን፣ ሐዘኑን ደብቀን የምንጠብቀው ጣቢያ የፖስታ ካርድ ይሆናል እንጂ ቅርስ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ጣቢያው ሥራ ይሰጠው። አዋሽ ዛሬም የመንገደኛ ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱና ከጅቡቲ የሚወጡ የጭነት መኪናዎች ሌት ተቀን ያልፉባታል፤ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚሄደውም በዚያው ነው። አንዱ ክፍል የከተማዋ ልጆች የሚያነቡበት ቤት ቢሆን፣ አንዱ የተሰበሰበው ድምፅ የሚሰማበት፣ መድረኩ ደግሞ እንደ ጥንቱ መንገደኛ አረፍ ብሎ ሻይ የሚጠጣበት ቢሆን፣ ለከተማዋ ወጣት እንጀራ ይሆናል። ሻይዋን የምትሸጠው ሴት በሩን በየጠዋቱ ትከፍታለች፤ በየጠዋቱ የሚከፈት በር ደግሞ ዘበኛ አያስፈልገውም። ይህን ለማድረግ መጀመር ያለበት የከተማው ሰው ነው፤ ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ እስኪመጣ ከተጠበቀ ጣሪያው ቀድሞ ይወርዳል።

«የለም» ያለኝ ወጣት ዛሬም በባጃጁ መንገደኛ ያመላልስ ይሆናል። አንድ ቀን ሌላ ሰው አሮጌውን ጣቢያ ሲጠይቀው «አለ፤ ይምጡ ላሳይዎት፤ አያቴ እዚያ ይሠራ ነበር» ቢል ያን ጊዜ ጣቢያው ድኗል እላለሁ። የጣሪያው ቆርቆሮ ቢያረጅ፣ ሐዲዱ ቢዝግ፣ ግድ የለም።

እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። በዚያ ድልድይ ላይ አፌን ስትሸፍን «ከተሻገርን በኋላ» ነበር ያለችኝ። ከተሻገርን እነሆ ብዙ ዘመን ሆነን። አሁን መናገር ያለብን እኛ ነን።